ለእንግሊዝኛ የተቆፈረ ማሳ

ድሮ ትምህርት ትምህርት ነበር ይላሉ። አልነበረም። የዚያን ጊዜ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ ከዛሬው ባለዲግሪ ይበልጣል፣ እንግሊዝኛው እንደ ውሃ ይፈስስ ነበር፣ መምህር ሲያልፍ መንገድ ይለቀቅለት ነበር እያሉ በየለቅሶ ቤቱና በየሠርጉ የሚቆጩ እኩዮቼን ስሰማ ወንበሬን ትቼ እወጣለሁ። እኔ የተማርኩት ጎባ ነው፤ ጎባ የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ፣ ሮቤ ደግሞ ሜዳ ላይ የፈሰሰች ገበያ በነበረችበት ዘመን። ምን እንደተማርኩ አውቃለሁ። እንግሊዝኛው እንደ ውሃ ከፈሰሰ የፈሰሰው በሰው ማሳ ላይ ነው፤ ምን ጠርጎ እንደሄደም በዓይኔ አይቻለሁ።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ሽታ ነው። ባለፈው ሰሞን ሮቤ መናኸሪያ አጠገብ የውሃ ቧንቧ ሊቀብሩ መንገዱን ቆፍረውት ነበር። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጣለ። የአጋርፋው አውቶቡስ እስኪሞላ ጥግ ይዤ ቆሜ ሳለ ከቦዩ የጥቁር አፈር ሽታ ተነሣ። ሌላው ሰው ይህን ሽታ ሲያሸት ልጅነቱ ትዝ ብሎት ደስ ይለዋል አሉ። እኔን አቅለሸለሸኝ። አጠገቤ የቆመች ወጣት፣ ከሲናና በኩል የመጣች የግብርና ሠራተኛ ትመስላለች፣ ፊቴን አየችና “አሞዎታል እንዴ ጋሼ?” አለችኝ። “አፈሩ ነው” አልኳት። ሳቀች። ቀልድ መሰላት።

ጎባን በዚያ ዘመን ያላየ ሰው ብርድ አያውቅም። ጠዋት ጭጋጉ ከሰነቴ ተራራ ቁልቁል ይወርድና ከተማውን ይውጠዋል፤ ጋሪ ሲመጣ የፈረሱ ኮቴ ይሰማል እንጂ ፈረሱ አይታይም። ቤቶቹ የጥድ ሳንቃ ናቸው፤ ከላይ ቆርቆሮ፤ በቆርቆሮው ጠርዝ ውርጭ ያድራል። እኛ ካኪ ቁምጣ ለብሰን ጉልበታችን በብርድ ተሰነጣጥቆ፣ በረባሶ ተጫምተን እንሮጣለን። ሸራ ጫማ ያደረገ ልጅ የጌታ ልጅ ነው፤ ሲረግጥ እንኳ ቀስ ብሎ ነው። ከቴሌግራፍ ቤቱ ወረድ ብሎ አረብ ቤት ነበር፤ በአምስት ሳንቲም ትኩስ ዳቦ፣ በአሥር ሳንቲም ዳቦ ከተምር ጋር ይሸጣል። ፊት ለፊቱ ያለው ቡና ቤት አንዲት የሸክላ ማጫወቻ ነበረችው። ከሸክላዎቹ አንዱ ተጭሮ ስለነበር ዘፋኟ “ናልኝ” የሚለው ላይ ስትደርስ ትቆምና “ናልኝ፣ ናልኝ፣ ናልኝ” ትላለች፤ ጠጪዎቹ በአንድ ድምፅ “መጣሁ!” ይሏታል፤ ቤቱ በሳቅ ይሞላል፤ አንዱ ተነሥቶ መርፌዋን ፈቀቅ ያደርጋታል። እስከ ዛሬ ያ ዘፈን በሬዲዮ ሲመጣ ሳትቆም ስታልፍ የተሰረቅሁ ይመስለኛል። ይህን ሁሉ በፍቅር ነው የማስታውሰው። ትምህርት ቤቱ ላይ ስደርስ ፍቅሬ ያልቃል።

አባቴ የመሬት ጉዳይ ጸሐፊ ነበር። ስለ መሬት ሦስት ቃል ብቻ ነበረው፤ ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ። የመንግሥቱ ግብር በሙሉ በእነዚያ ሦስት ቃላት ላይ ቆሞ ነበር። በነሱ ስንቱ ሰው ከአባቱ ርስት እንደተነሣ እዚህ አልዘረዝርም፤ ያን ጊዜ ቆላ ውስጥ ጥይት ይጮኻል ይባል ነበር፣ ለምን እንደሚጮኽ ግን በቤታችን አይወራም። አቶ መኩሪያ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ድረስ ለመሬት ከሦስት በላይ ስም ያስፈልገዋል ብሎ ያሰበ ሰው አላውቅም።

አቶ መኩሪያ እንግሊዝኛና ጂኦግራፊ አስተማሪያችን ነበር። አንቱ ልለው ይገባኝ ነበር፤ አልልም፤ ምክንያቱን ወደ ታች ታያለህ። ፊት ለፊት ስሙ “ሰር” ነው። ግራጫ ሱፍ፣ ጠባብ ክራቫት፣ በቅባት የተኛ ፀጉር። ጭቃ ሲሆን የሱሪውን ጫፍ ካልሲው ውስጥ ከትቶ ይመጣል፤ ያም ቢሆን ያምርበት ነበር። እምነቱ አንድ ነበር። ቋንቋ ማለት ቃል ነው፣ ቃል ያከማቸ ቋንቋውን ያዘ፤ ከቃል ሁሉ ደግሞ የሚበልጠው የመልክዓ ምድር ቃል ነው፣ ምክንያቱም ሰው የቆመበትን ሳያውቅ ሌላ ሊያውቅ አይችልም። ይህን ሲናገር ደስ ይል ነበር፤ እውነትም ይመስል ነበር። ችግሩ ከመጽሐፉ ሌላ የቆመበት ቦታ ስላልነበረው ነው፤ መጽሐፉ ደግሞ የሌላ አገር ነው።

የበር ቃል የሚባል ነገር አመጣብን። ጠዋት ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ በክፍሉ በር ይቆማል፤ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ የመሬት ቃል በእንግሊዝኛ ብሎ ይገባል። ሌላ ሰው ቀድሞ ያለውን መድገም አይቻልም። ቃል ያጣ ጠጠር ላይ ይንበረከካል። ትርጉም አይጠየቅም። ሸለቆና ኮረብታ፣ ወንዝና ሐይቅ በመጀመሪያው ሳምንት አለቁ፤ ከዚያ በኋላ ጭጋግ ውስጥ የቆምን የጎባ ልጆች ከንፈራችን በብርድ እየተንቀጠቀጠ “ኦኤሲስ!” “ዴልታ!” “ግሌሸር!” እያልን መግባት ጀመርን። የቃል ገበያ ተከፈተ። ግርማ የሚባል ልጅ፣ አባቱ ባለሱቅ፣ አጎቱ ወታደር ቤት ያለ፣ መዝገበ ቃላት ነበረው። ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ በጆሮ ይሸጥልናል። “ስዋምፕ” አንድ ጭብጥ የገብስ ቆሎ ታወጣ ነበር። “ዴልታ” ሁለት ጭብጥ። “ግሌሸር” የመጣች ዕለት ግርማ የአንድ ልጅ ሙሉ ዳቦ በላባት። ገዢውም ሻጩም የበረዶ ግግር ማለት እንደሆነች አያውቁም ነበር፤ ዳቦው ግን ትኩስ ነበር። “ፕላቶ” የምትለዋን ቃል፣ ከፍታ ላይ ያለ ሜዳ ማለት ናት፣ ከክፍሉ የማያውቅ አልነበረም፤ ሰነቴ ከራሳችን በላይ ያን ሁሉ ሜዳ ዘርግቶ ተኝቶ ሳለ ፕላቶ ማለት እሱ ነው ያለን ግን አንድም ሰው አልነበረም። እኔ ሥዕሉን መጽሐፉ ላይ አይቼ የአሜሪካኖች ነገር ነው ብዬ አልፌው ነበር።

ከእኛ መካከል ትርጉም የምትጠይቅ አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች፤ መይሙና። ሴቶቹ ራሳቸው ጥቂት ነበሩ፤ ከነሱ ውስጥ እንደሷ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ አውርዳ ከፊተኛው ወንበር የምትቀመጥ አልነበረችም። አንድ ቀን እጇን አወጣችና “ሰር፣ ቶፕሶይል ምን ማለት ነው?” አለች።

“የላይኛው አፈር።”

“የታችኛውስ ሌላ ነው?”

“ሚኒስትሪ ላይ ይህን አይጠይቁሽም። ተቀመጪ።”

ሚኒስትሪ የስምንተኛ ክፍል ጠቅላላ ፈተና ነው። እሱን ያለፈ ጸሐፊ ይሆናል፣ ነርስ ይሆናል፣ አስተማሪ ይሆናል፤ የወደቀ ደግሞ የሆነውን ይሆናል። መይሙና ተቀመጠች። የዚያን ዓመት ፈተና መውሰድ ከሁላችንም ይልቅ ለሷ ያስፈልጋት ነበር።

እናቷ አደ ከዲጃ ይባላሉ፤ አደ በኦሮምኛ እንደ ወይዘሮ ነው። ባላቸው ኮርቻ ሠሪ ነበሩ፤ ልጅቷ ገና ትንሽ ሳለች ሞቱ። ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ አንዲት ክፍል ቤትና ጠባብ ማሳ ቀረላቸው። ደሎ ቆላ ከብት የሚያረባ ወንድም ነበራቸው፤ በየዓመቱ ሰው ይልክባቸዋል። “እዚያ ብርድ ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ? ነይ ውረጂ፤ ልጅቷም ለአቅመ ሔዋን ደርሳለች” ይላል። የአደ ከዲጃ መልስ ነጭ ሽንኩርት ነበር። ሽንኩርቱ እስካለ ድረስ የወንድም እጅ አያዩም፤ እሳቸው ጎባ እስካሉ ድረስ መይሙና ትምህርት ቤት ናት። ሽንኩርቱ ከቀረ ሁለቱም ቆላ ይወርዳሉ፣ እሷም ትዳራለች። ነገሩ ይኸው ነው፤ ከዚህ የጠለቀ ምሥጢር የለውም፤ ክፍሉም ሰፈሩም ያውቀዋል።

ያ ሽንኩርት እንዲያው የሚበቅል አልነበረም። ከገሰራና ከአጋርፋ ለገበያ የሚመጡ ሰዎች በዋዜማው ጎባ ሲገቡ ከብታቸውን የሚያሳድሩበት ያስፈልጋቸዋል። አደ ከዲጃ ማሳቸው ላይ በቅርንጫፍ አጥረው ዳላ ይሠራሉ፤ ከብቱ በዚያ በረት ያድራል፤ ኪራይ አይቀበሉም። ጠዋት ባለከብቶቹ “ገለቶሚ” ብለው አመስግነው ይነዳሉ፣ እበቱ ይቀራል። ለሚቀጥለው ገበያ ዳላውን ነቅለው ጥቂት ፈቀቅ ያደርጉታል። እንዲህ ሲሉ ከብቱ ማሳውን ከዳር እስከ ዳር እያዳረሰ ይተኛበታል። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ይህን አላቋረጡም፤ ያ አፈር በጣት ሲነካ እንደ ዳቦ ፍርፋሪ ነበር። በበጋው መጨረሻ ዳላው ይነሣል፣ አፈሩ ይገለበጣል፣ ከዚያ በልጉ እስኪጥል ባዶውን ይጠብቃል። ያን ሰሞን ያለፈ ሰው አጥር፣ አረምና ሰብል የሌለው ጥቁር መሬት ነው የሚያየው።

ሰርም ያየው ይህንኑ ነው።

ከአዲስ አበባ ኢንስፔክተር ይመጣል ተባለ፤ ከሱም ጋር አንድ ፈረንጅ አማካሪ። ትምህርት ቤቱ ተንቀጠቀጠ። ግድግዳው በኖራ ተለቀለቀ፣ የተማሪ ፀጉር ተላጨ። ሰር ግን ከሁሉ የሚበልጥ አሳብ መጣለት። የዓለምን መልክዓ ምድር በሙሉ በአፈር ሠርተን በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ እናቆማለን፤ ተራራ፣ ሸለቆ፣ ሜዳ፣ በረሃ፣ ዴልታ፤ በእያንዳንዱም ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሳንቃ ይተከላል። የሜዳው አፈር ግን ቀይና ድንጋያማ ነበር፤ ቅርጽ አይይዝም፣ ሰር እንዳለው ደግሞ “መልክ የለውም”። አጥሩን ተሻግሮ ጥቁሩን ማሳ አየ። አንድ ጠዋት አካፋና ቃሬዛ አስይዞ ሙሉ ክፍሉን ወደዚያ ነዳው።

አደ ከዲጃ ድምፃችንን ሰምተው ወጡ። ፊታቸው በርቶ ነበር፤ ልንቆፍርላቸው የመጣን መሰላቸው።

“አካም ቡልተኒ ኢጆሌ! እንዴት አደራችሁ ልጆች፣ አላህ ይስጣችሁ። ሰው ሁሉ ምን ቢሆን ነው ዛሬ?”

ግርማ ነው በመጨረሻ፣ “ሰር ነው ያዘዘን” ያለው።

ሰር ቀረብ አለ። “እማማ፣ ለትምህርት ነው። ትንሽ አፈር እንወስዳለን። የመንግሥት ሥራ ነው።”

“መንግሥት አፈር የለውም?”

እኛ ሳቅን። ሰር አልሳቀም። “ባዶ መሬት አይደል እንዴ? ምን ዘርተሽበታል?”

“ነጭ ሽንኩርት ነው ሚተከለው። ዝናቡን ነው ምጠብቀው።”

“እንግዲያው ሲዘንብ ትተክያለሽ። መሬቱን አንወስድብሽም። ላዩን ብቻ ነው።”

እሱን ሰር እንድንለው በአርጩሜ ያስተማረን ሰው የእናቱ እኩያ የሆኑትን ሴት አንቺ ሲል ያኔ ነው የሰማሁት። እሳቸው ግን አንቺ መባሉን አልሰሙትም። የሰሙት “ላዩን ብቻ” የሚለውን ነው። ወደ ማሳው ዞረው አዩ፤ ከዚያ እኛን አዩ፤ ከዚያ ከሰልፉ መጨረሻ የቃሬዛ እጀታ ይዛ የቆመችውን ልጃቸውን አዩ። መይሙና ቃሬዛውን ለቀቀችው። መሬት ላይ ሲወድቅ ጮኸ።

“መይሙና!” አለ ሰር። “ያልሠራ ክፍል አይገባም። ክፍል ያልገባ ለሚኒስትሪ አይመዘገብም።”

ያኔ አደ ከዲጃ ራሳቸው ጎንበስ ብለው ቃሬዛውን አነሡና እጀታውን መልሰው ልጃቸው እጅ ላይ አስያዟት። “ያዢ” አሏት፤ “ትምህርትሽ እንዳይቀር።” ቤታቸው ገብተው በሩን ዘጉ።

ስንቆፍር ዋልን። ያ አፈር ቀላል ነበር፣ አካፋው ያለ ድምፅ ይገባል፤ ልጆች እርስ በርስ እየተወራወርንበት ነበር። መይሙና ስታመላልስ ዋለች፤ ከሥር ቢጫው እስኪታይ ድረስ።

ያ ነገር ሲያልቅ ያምር ነበር፤ ውሸት አልጽፍም። ጥቁር ተራራ፣ ጫፉ ላይ በኖራ የተቀባ በረዶ። በሰማያዊ ቀለም የተነከረ ጆንያ የተነጠፈበት ወንዝ፤ ወንዙ ሦስት ቦታ ተከፍሎ ወደ ባሕር ሲገባ። በአመድ የተሠራ በረሃ፣ ቀኝ ጥጉ ላይ ከኮባ ቅጠል የተቆረጠች አንዲት ዘንባባ። ሳንቃዎቹን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እጅ ጽሑፌ ጥሩ ነበር። ትልቁ ሳንቃ ከፊት ቆመ፤ “ዘ ኢንቫይሮንመንት” ይላል፤ አካባቢ ማለት ነው። ቃሉን ያኔ ነው የሰማነው፤ ሰር ራሱ በቅርብ ያገኘው ይመስለኛል፤ አፉ ውስጥ እንደ ከረሜላ እያገላበጠ ነበር የሚናገረው። ዛሬ ሮቤ ውስጥ አበል እየተከፈለበት በአዳራሽ የሚነገር ቃል ነው። በዚያ አዳራሽ ተጋብዤ ተቀምጫለሁ፤ ከሰዓት በፊት ስለ አፈር ጥበቃ በእንግሊዝኛ ተነገረን፣ በምሳ ሰዓት የአዳራሹ አጥር ሊሰፋ ነው ተብሎ አንድ ጎረቤት ጎመኑን እየነቀለ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ውይይቱ ቀጠለ። እኔ ወጣሁ። ሰዎቹ አልከፉም፤ አልታያቸውም እንጂ። ይህን አለማየት የት ተማርነው ብዬ ስጠይቅ የማገኘው መልስ አንድ ነው።

ኢንስፔክተሩ ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው በልጉ ጣለ። የባሌ ዝናብ ሲጥል ቀልድ አያውቅም። ሌሊቱን ሙሉ ቆርቆሮው ሲጮኽ አድሮ ጠዋት ስንመጣ በረዶው ከተራራው ጫፍ ወርዶ ሸለቆው ውስጥ ተኝቷል፤ ተራራው ራሱ ጎኑ ተሰነጣጥቆ ወደ ባሕሩ ፈስሷል፤ ዴልታው የለም። ጥቁሩ ውሃ ከሜዳው ወጥቶ፣ በትምህርት ቤቱ በር አልፎ፣ ቁልቁል ወደ ቶጎና ወንዝ ይወርድ ነበር። ሰር ጃንጥላ ይዞ አየው። ፊቱ ነጣ። ከዚያ ፈገግ አለ። እኔን ጠርቶ አዲስ ሳንቃ አጻፈኝ፤ “ኢሮዥን”፤ የአፈር መታጠብ ማለት ነው። ከተሰነጣጠቀው ተራራ ፊት አስተከለው።

ኢንስፔክተሩና ፈረንጁ ሲመጡ ልክ ሆን ተብሎ የተሠራ መሰለ። ሰር በአርጩሜው እየጠቆመ በእንግሊዝኛ አስረዳ፤ ፈረንጁ ዓይኑ ፈጠጠ፣ ትከሻውን መታ አደረገው። ድሃ ትምህርት ቤት በገዛ እጁ የአፈር መታጠብን በተግባር ሲያሳይ እስከ ዛሬ አላየሁም አለ፤ ኢንስፔክተሩ ይህን በአማርኛ ደግሞ ነገረን፤ አጨበጨብን።

ጭብጨባው ሳያልቅ ከበሩ በኩል “አቤት! አቤት!” የሚል ድምፅ መጣ። አደ ከዲጃ ነበሩ፤ ድንጋይ ትከሻቸው ላይ ተሸክመው። በዚያ ዘመን ለባለሥልጣን አቤት የሚል ሰው እንዲህ ነበር የሚቆመው። ዘበኛው ሊመልሳቸው ሲል ፈረንጁ እጁን አነሣ። ድንጋዩን አይቶ ተደንቆ ነበር። ምን እንደሚሉ ሊሰማ ፈለገ። ሰር ቶሎ ብሎ፣ “ተማሪዎቻችን ይተረጉማሉ፣ ሰር!” አለ፤ ለራሱም ሰር አገኘ። “ግርማ!”

አደ ከዲጃ በአማርኛ ተናገሩ፤ ሲጨንቃቸው በኦሮምኛ እየደባለቁ፤ ግን ልብ ያለው ሁሉ ይሰማል፤ ኢንስፔክተሩ ፊቱን አዙሮ የሳንቃዎቹን ጽሑፍ ማስታወሻው ላይ ይገለብጥ ነበር። “ጌታዬ፣ አፈሬን ወሰዱብኝ። ይሄ የቆመው የኔ ነው። ሽንኩርት ልተክል ዓመት ሙሉ ያደለብኩት ነው። ዘንቧል፣ ልተክልበት ብወጣ ድንጋይ ነው ያለው። ልጄን ይዤ ልሄድ ነው። መልሱልኝ።”

ግርማ ወደ ፊት ወጣ። ያን ሁሉ ቃል የሸጠ ልጅ፣ ግሌሸርን በዳቦ የለወጠ ልጅ፣ ደረቱን ነፍቶ አፉን ከፈተ። ምንም አልነበረውም። “ወሰዱ” አልነበረውም። “መልሱ” አልነበረውም። ማናችንም አልነበረንም። የዓለም ተራራ ሁሉ ስም ነበረን፤ አንዲት ሴት አፈሯ ተወሰደባት ብለን የምንናገርበት ግን አልነበረንም። በመጨረሻ የሸመደደውን አወጣ፤ አፈር ማለት ተክል የሚበቅልበት የመሬት የላይኛው ክፍል ነው የሚለውን፣ ከመጽሐፉ፣ ሳይሳሳት። ፈረንጁ በጣም ደስ አለው። ጎንበስ ብሎ የአደ ከዲጃን እጅ ጨበጠ። ገበሬዎች እንኳ ሊያዩ መምጣታቸው አስደነቀው።

ያኔ ከመስመሩ አንድ ድምፅ ወጣ።

“ዘ ሶይል ኢዝ ማይ ማዘርስ።”

መይሙና ነበረች። አፈሩ የእናቴ ነው ማለቷ ነው። ነጠላዋ ከራሷ ወርዶ ነበር፤ እጇ ወደ ተሰነጣጠቀው ተራራ ተዘርግቶ ነበር። ዓረፍተ ነገሩን ማንም አልሸጠላትም፤ ከየት እንደሰፋችው እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔ ተስፋ አደረግሁ። ከዚያ ሰር እጁን አጨበጨበ። “ኤክሰለንት! ሙሉ ዓረፍተ ነገር!” አለ። ኢንስፔክተሩ ራሱን ነቀነቀ። ፈረንጁ “ቬሪ ጉድ! ቬሪ ጉድ!” እያለ አጨበጨበ፣ እኛም ተከትለን አጨበጨብን። የክፍል ልምምድ መሰላቸው። ልጅቷ እጇን እንደዘረጋች ቆማ ነበር። ደግማ ተናገረችው፤ ይበልጥ ጮኻ። ጭብጨባው በረታ።

አደ ከዲጃ ጭብጨባውን ሲሰሙ የተፈረደላቸው መስሏቸው ድንጋዩን አወረዱ።

ሽንኩርቱን ለማንኛውም ተከሉት፤ በቢጫው ላይ። እንደ ሣር ቀጥኖ ወጣ፣ ቢጫ ሆነ፣ ቀረ። ከሚኒስትሪው በፊት በነበረው ገበያ ማግስት ጠዋት በጭጋግ ውስጥ አንድ ኤንትሬ የጭነት መኪና አረብ ቤት ፊት ቆሞ አየሁ። በጆንያዎቹ ላይ እናትና ልጅ ተቀምጠው ነበር። መይሙና አየችኝ፤ ሰላም አላለችኝም፤ ደግ አደረገች። ሰር በዚያው ዓመት በምስጋና ወደ ትልቅ ከተማ ተዛወረ። ማሳው ባዶ ሆኖ ስለተገኘ ትምህርት ቤቱ አጥሩን አስፍቶ ከለለው፤ ኋላም የሽንት ቤት ጉድጓድ ተቆፈረበት።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አንብቤያለሁ፤ ስለ አፈር የተጻፉ ጥሩ የእንግሊዝኛ መጻሕፍትም ጭምር። በቋንቋው ጠብ የለኝም። ያስጠላኝ ጭብጨባው ነው። እንደሱ ያለ ጭብጨባ በሰማሁ ቁጥር፣ የትም ይሁን፣ አንድ ሰው እጁን ዘርግቶ የቆመ ይመስለኝና ዙሪያዬን እፈልጋለሁ።

የሮቤው ዝናብ ባቅለሸለሸኝ ሳምንት ግርማ ቤቴ መጣ። አሁን ትልቅ ሰው ነው፤ ሆዱም ሥልጣኑም ሞልቷል። ገና ሳይቀመጥ፣ “ስዋምፕ! ዴልታ! ግሌሸር!” እያለ አቀፈኝ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። ሰር ጡረታ ወጥቷል አለኝ፤ የቀድሞ ተማሪዎቹ ጎባ ላይ በትልቅ ድግስ ካባ ልናለብሰው ነው፤ መዋጮ እየተሰበሰበ ነው፤ እኔ ደግሞ ብዕር ስላለኝ ስለ እሱ አንድ የሚያምር ትዝታ እንድጽፍ ነው የመጣው።

“መይሙናን ታስታውሳታለህ?” አልኩት።

“የትኛዋ መይሙና?” ግንባሩን አሸ። ከዚያ ጉልበቱን መታ። “እ! ‘ዘ ሶይል ኢዝ ማይ ማዘርስ!’ ወይ ጉድ! አየህ? ያን ጊዜ የገጠር ሴት ልጅ እንኳ እንዲህ ትናገር ነበር! የዛሬ ልጆች ይችላሉ? የት ደረሰች? ዶክተር ሳትሆን አትቀርም።”

“አላውቅም።”

“ብናገኛት ምን ነበረበት? መድረክ ላይ ወጥታ ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ብትልልን፣ ሕዝቡ ያብዳል እኮ።”

ሻይ አላፈላሁለትም። ትዝታውን እጽፋለሁ አልኩት፤ ይኸው ጻፍኩ። ካባው ገና አልተገዛም። አንተ የምታነበው፣ ከዚያ ትምህርት ቤት ከወጣህና መዋጮውን ከጠየቁህ አትስጣቸው። ሰጥተህ ከሆነም ሂድና ገንዘብህን አስመልስ።